ለአክስቴ ተራ ጅማ ደርሼ መጣሁ

ኅዳር 10፣ ረቡዕ፦ አየር ጤና፣ ወልቂጤ፣ ጊቤ

ከአየር ጤና መናኸሪያ የወጣነው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የጅማ ትኬት 1,100 ብር። ሻንጣዬ ውስጥ ልብስ ትንሽ ነው። የቀረው ሻማ፣ ዕጣን፣ በርበሬና 5 ኪሎ ሽሮ ነው። ሽሮውን ያስያዘችኝ እናቴ ናት፤ «የጅማ ሽሮ አይታመንም» ብላ። ይህን የምትለው ጅማ ተወልዳ ጅማ ያደገች ሴት ናት።

የምሄደው ለአክስቴ ተራ ነው። አክስቴ ጅማ ውስጥ የሚካኤል ጽዋ ማኅበር ነበረቻት። ወር በገባ በ12 በተራ ይደገሳል። እሷ ካረፈች ዓመት አልፏል፤ ሙት ዓመቷንም አውጥተናል። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ ግን በጥቅምት «ኅዳር 12 ተራዋ ነውና እንዳትቀር» ብለው ላኩብኝ። በዚህ ማኅበር የሞተ ሰው ከተራ አይወጣም። ቤተሰብ ካለው ቤተሰቡ ይደግስለታል። ከሌለው ማኅበርተኛው አዋጥቶ ይደግስለታል። አክስቴ ልጅ አልወለደችም። ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር እሷ ጋ የምላከው እኔ ነበርኩ፤ ተራውም ወደ እኔ መጣ።

ወልቂጤ ለቁርስ ወረድን። ረቡዕ ቀን ወልቂጤ መውረድ ለጿሚ ቅጣት ነው። ከየቤቱ የንጥር ቅቤና የሚጥሚጣ ሽታ ይወጣል። እኔ በ180 ብር ሽሮ አዝዤ አንገቴን ደፍቼ በላሁ። እሑድ ስመለስ ቅበላ ነው፣ ሰኞ የነቢያት ጾም ይገባል፤ ያኔ እንተያያለን አልኩ በሆዴ።

የጊቤን ቁልቁለት የወረደ ሰው ያውቀዋል። ጃኬት ለብሰህ ትጀምራለህ፣ ድልድዩ ጋ ስትደርስ ሸሚዝህም ይከብድሃል። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን እንደያዝን የኋላ ጎማችን ፈነዳ። ረዳቱ መለዋወጫውን አወረደ። እሱም አየር የለውም። ሹፌሩና ረዳቱ እርስ በርስ ሲካሰሱ ተሳፋሪው ግራር ሥር ተበተነ። አንዲት እናት ከጎኔ ተቀመጡና ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እሷ እዚያ ሆና እየጠራችህ ነው፤ ጎማው እንኳ አያስቀርህም» አሉኝ። ሁለት ሰዓት ተኩል ግን አስቀርቶኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ጉድጓዱ ብዙ ነው፤ ብዙም የሚወራ ነገር የለውም። ሰኮሩን አልፈን የግልገል ጊቤ ግድብ ውኃ በስተቀኝ በስተግራ ብቅ ጥልቅ ሲል ብቻ ሁሉም ስልኩን አወጣ። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራ፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ ነው። ቁጥሩን ያዙልኝ፤ ነገ ማታ እንፈልገዋለን።

ጅማ የገባነው ሲመሽ ነው። የአክስቴን ግቢ ቁልፍ የሚይዙት ጎረቤቷ ሐጂያ ናቸው። በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «አብሽር፣ ቤትህ ነው፤ ምነው ከሳህ?» አሉኝና ቡና አፈሉ። ቡናው በዚህ ዓመት የተለቀመ ነው። ግቢያቸው ውስጥ ቀዩ እሸት ቡና በሰሌን ላይ ተሰጥቶ ነበር፤ በጨለማ ልረግጠው ስል ጮኹብኝ።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ፦ ሂርማታ

ሐሙስ የጅማ ገበያ ቀን ነው። ሂርማታ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ በሐሙስ ገበያው የታወቀ ነው። ከሩቅ ያሉ ነጋዴዎች ወርቅ፣ ዝባድ፣ ቡና ይዘው የሚገናኙበት ቦታ ነበር። ዛሬ ፕላስቲክ ጫማ ይበዛዋል። ማሩ ግን አሁንም አለ፣ ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማም አለ። የዋንዛው 1,500 ብር አሉኝ። ቆይቼ እመለሳለሁ ብዬ አለፍኩ፤ አልተመለስኩም።

የምገዛውን የነገሩኝ የሙሴው ባለቤት ናቸው። ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ጎመን፣ ለዳቦው ኮባ። ኮባ ጅማ ውስጥ ሲገዛ ማየት ራሱ ይገርማል፤ በየጓሮው ነው ያለው። «ከእኛ ጓሮ ውሰድ» ብለው ሐጂያ ከልክለውኝ ነበር፣ ያም ሆኖ አልበቃም። ከሁሉም በላይ የተሰመረበት ጥቁር አዝሙድ ነው። ሁለት ጊዜ ደውለው አሳሰቡኝ። ለምን እንደሆነ ያን ሰዓት አልገባኝም። ለብርዝ 3 ኪሎ ማር ወሰድኩ፣ ኪሎው 600 ብር። አዲስ አበባ ሰፈሬ በዚህ ዋጋ የሚሸጡት ማር በክረምት እንኳ አይረጋም። ገበያው ዳር በ25 ብር አንድ ስኒ ቡና ጠጣሁ። እኛ ሰፈር 40 ገብቷል፣ ለዚያውም እንዲህ አይሸትም።

ከሰዓት በኋላ ጠላው መጓጓዝ ነበረበት። ጥንስሱ ቀደም ብሎ በሙሴው ቤት ተጠንስሶ፣ ተጠምቆ ደርሷል። በሁለት ጀሪካን ቀድተን ባጃጅ ኮንትራት በ150 ብር ያዝኩ። እንግዲህ የደረሰ ጠላ፣ ጠብቆ የተዘጋ ክዳንና የጅማ መንገድ አንድ ላይ ሲሆኑ ምን እንደሚመጣ መገመት ነው። ፈረንጅ አራዳ አጠገብ አንድ ጉድጓድ ስንዘል የአንዱ ክዳን ጧ ብሎ ጣሪያ መታ። ጠላው እኔን፣ ወንበሩን፣ የሹፌሩን ጀርባ አጠበ። ልጁ ባጃጁን ዳር አቁሞ ሸሚዙን አሸተተ። «ወንድሜ፣ አሁን አስር ሰዓት ልሰግድ ነበር። በዚህ ሽታ መስጊድ በር ላይ ማን ያስገባኛል?» አለኝ። ሳቅ ቢይዘኝም አልሳቅኩም። ለማጠቢያና ለልብሱ 300 ብር ጨመርኩለት። እሱ ግን አክስቴ በር ላይ ሲያወርደኝ ቤቱን አወቀው። «የቲቸር ቤት ነው እንዴ? ሁለተኛ ክፍል አስተምራኛለች» አለና መቶውን መለሰልኝ። ሁለቱን መቶ ግን ይዞ ሄደ።

ማታ 1 ሰዓት ላይ ሊጡ ተዘጋጅቶ፣ ምጣዱ ግሎ፣ የመጀመሪያዋ እንጀራ ስትሰፋ መብራት ጠፋ። 184 ሜጋ ዋት ከጓሮ አስቀምጦ በሻማ መቀመጥ የሚቻለው እዚህ ነው። ከማኅበርተኛው ሴቶች አንዷ «አሁን ምን ይበጃል?» ስትል ሐጂያ ከአጥሩ ማዶ ሰምተዋል። የእንጨት ምጣዳቸውን አስጣዱ። ሁለት ልጆቻቸውና የወንድማቸው ሚስት እየተቀያየሩ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ጋገሩ። የእኔ ሥራ ጭራሮ ማቀበልና ዓይኔን ማሸት ነበር።

ኅዳር 12፣ አርብ፦ ሚካኤል

አርብ ስለዋለ ቅዳሴው ዘግይቶ ነው የወጣው። ማኅበርተኛው ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ አክስቴ ግቢ መጣ። 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ድንኳኑ ሞላ። ማዕዱ ሁሉ የጾም ነበር፤ ሽሮ፣ ድፍን ምስር፣ ጎመን፣ የሱፍ ፍትፍት። ይህ ደግሞ አንድ ነገር አቃለለ። ፍስክ ቢሆን ኖሮ ለሙስሊም ጎረቤቶች ለብቻ ይታረድና ለብቻ ይሠራ ነበር። ሥጋ ስለሌለ ሁሉም ከአንድ ድስት ወጣ። የተለየው መጠጡ ብቻ ነው፤ ለእነሱ ብርዝ፣ ለእኛ ጠላ። ትናንት የተረፈው ጠላ ማለቴ ነው።

በዚህ መሀል እህቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። ሰፈሩ በጭስ ታፍኗል። ኅዳር ሲታጠን ነውና ሁሉም ቆሻሻውን ደጅ አውጥቶ አንድዷል። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጊዜ የመጣ ነው ይባላል፤ ያ በዓለም ሁሉ የዞረው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ ቀባሪ የጠፋበት ወቅት። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነው የተረፉት። ያኔ ለሞቱት ስም የጠራላቸው ስንት ይሆን እያልኩ ስልኩን ዘጋሁ። ወዲያው ደግሞ የእኛዎቹ ስም መጠራት ጀመረ።

ቄሱ ጸሎት አድርሰው፣ የኅዳሩን ድርሳን አንብበው፣ ድፎውን ባርከው ቆረሱ። ጽዋው ዞረ። ከዚያ ሙሴው ከቦርሳቸው አንድ ወፍራም ደብተር አወጡና ለቄሱ ሰጡ። ደብተሩ በሁለት ተከፍሏል። በፊት በኩል ያሉት በሕይወት ያሉ 14 ናቸው። ከኋላ በኩል ያረፉት 19። ስሙ በክርስትና ስም ስለተጻፈ ዝም ብሎ ለሚሰማ ሁሉም ወልደ፣ ወለተ፣ ገብረ፣ ኃይለ ነው። ማን ማን እንደሆነ የሚያውቀው ማኅበርተኛው ነው። ከእያንዳንዱ ስም በኋላ «ነፍስ ይማር» ይላሉ፤ ከዚያ ከጎኔ ያሉት ይንሾካሾካሉ።

«ይሄ ድሬሰሩ ነው። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ በነጻ ወግቷል፤ እስከ ዛሬ ስሙ ሲጠራ መቀመጫዬን ያመኛል።»

«እሷ ጠጅ ቤት የነበራት ናት። በማኅበር ላይ ግን ከሁለት ዋንጫ በላይ ለማንም አትቀዳም። ‘መስከር ከፈለግህ ነገ ቤቴ ና፣ ትከፍላለህ’ ትል ነበር።»

«ይሄኛው ሹፌሩ!» ሲባል ደግሞ ድንኳኑ ሳቀ፤ ቄሱም ጭምር። ሰውየው በካፋ ክፍለ ሀገር ጊዜ ከጅማ አዲስ አበባ ቡና በከባድ መኪና ያመላልስ ነበር። አንድ ሰኔ ተራው ደርሶ ጭቃ ያዘው። ማኅበርተኛው ዳቦውን ሳይቆርስ ጠበቀ። በማግስቱ፣ በ13፣ ከእግር እስከ ራሱ ጭቃ ሆኖ ደረሰ። 13 እግዚአብሔር አብ ነው። ከዚያ ወዲህ እስኪሞት ድረስ «የአንተ ሚካኤል እግዚአብሔር አብ ላይ ነው የሚውለው» ሲሉት ኖሩ።

የመጨረሻው ስም ሲጠራ ደጃፉ ላይ ብርዝ ይዘው የተቀመጡት ሐጂያ በክርናቸው ነካ አደረጉኝ። «እሷ ናት» አሉ። እንዴት እንዳወቁ ጠየቅኳቸው። አክስቴ የማኅበሩ ጸሐፊ ነበረች። ደብተር በሞላ ቁጥር በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ስሞቹን ወደ አዲስ ትገለብጣለች፤ ስትገለብጥ ድምፅ አውጥታ ታነብባለች። ሐጂያ ከአጥሩ ማዶ ቡና እየለቀሙ ሲሰሙ ዝርዝሩን በቃላቸው ይዘውታል። የራሷንም የክርስትና ስም ያኔ ነው የነገረቻቸው።

በኋላ ደብተሩን ተቀብዬ አየሁት። የ18ቱ ሰዎች ስም በአክስቴ እጅ ጽሑፍ ነው። ያ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የለመደ፣ ፊደሉ የማይነካካ ጽሑፍ። 19ኛው ላይ ጽሑፉ ይለወጣል። ቀጥ አላለም፤ እስክሪብቶው ለመጻፍ እንቢ ብሎ ሁለት ቦታ ተደጋግሟል። የጻፈው አሁን ጸሐፊ የሆነው ወጣት ነው።

ይህ ልጅ ምሽት ላይ ጠብ አስነሳ። ጠብ እንኳ አይባልም፣ ሂሳብ ሠርቶ መጣ። 14 እና 19 ይሆናል 33። በወር አንድ ከሆነ ተራ አንድ ጊዜ ለመዞር 2 ዓመት ከ9 ወር ይፈጃል። ቤተሰብ የሌላቸው ሟቾች ደግሞ በመዋጮ ናቸው። ሁሉም ነገር ተወዷል። በሕይወት ያለው እያነሰ፣ መዋጮው እየበዛ ይሄዳል። ስለዚህ ያረፉትን ሁሉ በዓመት አንድ ቀን፣ ኅዳር 12፣ በአንድነት እናስብ አለ። እውነቱን ለመናገር ሂሳቡ ትክክል ነው። ከ3 ኪሎ ማርና ከጠላ ካሳ በኋላ እኔም ልቤ ወደ እሱ አዘንብሎ ነበር።

ሙሴው እስኪጨርስ ሰሙት። ከዚያ «ድሬሰሩ ባቄላ ቆሎ ይወድ ነበር» አሉ። «በሱ ተራ ባቄላ ይቆላል። ባለ ጠጅ ቤቷ ሽሮ ላይ ቃሪያ ካላየች አትቀምስም፤ በሷ ተራ ቃሪያ አለ። ዛሬ ዳቦው ላይ ጥቁር አዝሙድ የበዛው በማን ነው? አንድ ቀን ካደረግናቸው የማንን አድርገን የማንን እንተዋለን?» ልጁ «እሱስ ልክ ነው፣ ብሩስ?» አለ። ብሩ ላይ መልስ አልተገኘም። ነገሩ ለታኅሣሥ ተላለፈ። የታኅሣሡ ባለተራ ጽዋውን ተቀብለው፣ እልልታው ተከትሏቸው፣ በአዌቱ ወንዝ በኩል ሄዱ።

በነገራችን ላይ የጥቁር አዝሙዱ ነገር ለእኔ አዲስ አይደለም። ልጅ ሆኜ ከዳቦው ላይ አንድ በአንድ እየለቀምኩ ስጥል አክስቴ ትቆጣኝ ነበር።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ፦ መቃብሩና ጅሬን

ጠዋት ወደ መቃብር ሄድን። ሁሉም ማጭድ ይዟል። የጅማ ዝናብ ከመቃብር ጋር ጠብ አለው፤ ክረምቱ እስኪወጣ ሣሩ ሐውልቱን ይውጠዋል። አዲስ አበባ መቃብር ቦታ ብር የምትከፍለው አጫጅ አለ። እዚህ ሙሴው በ70 ዓመታቸው ራሳቸው ያጭዳሉ። ቤተሰብ ያለው የራሱን አጨደ፤ ከዚያ ወደሌላቸው ዞርን። ከ19ኙ አምስቱ እዚህ አይደሉም፤ አዲስ አበባ፣ አንዱም ውጭ አገር ያረፉ ናቸው። የአክስቴ ሲሚንቶ አንድ ጠርዙ ተሰንጥቋል። ግንበኛ ጠየቅኩ፤ 4,000 ብር አለ፣ በ3,200 ተስማማን። ለሚመጣው ክረምት ዝናብ ሲሚንቶው እንዲጠና ሰኞ ሊጀምር ነው።

ምሳ ሐጂያ ቤት ነበር፤ ለሥጋው ብለው የእኔን ለብቻ ከክርስቲያን ልኳንዳ አስገዝተው በሌላ ድስት አሠሩልኝ። ማብራሪያ አልሰጡም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ከሰዓት በኋላ ልጃቸው በሞተር ወደ ጅሬን ወሰደኝ። ከከተማው ትንሽ ወጣ ብሎ ዳገት ላይ ነው። ከ1878 እስከ 1932 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የነገሡት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እዚያ ነው። ከበረንዳው ላይ ከተማው ሙሉ ይታያል። እንጨቱ ላይ ያለው ሥራ እጅን በአፍ ያስጭናል። እኔ ግን ከአጨዳው የተነሳ ወገቤ ስለታጠፈ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ነው ያየሁት። ልጁ ግን የቱ ክፍል ለምን እንደነበር እየሮጠ ይነግረኛል። ሲወርድ ሞተሩን አጥፍቶ በቁልቁለቱ ለቀቀው፤ ነዳጅ መቆጠቡ ነው።

ኅዳር 14፣ እሑድ፦ ወልቂጤ እንደገና

ሐጂያ 4 ኪሎ ቡና በከረጢት አስረው ሰጡኝ። «ሁለቱ ለእናትህ ነው፤ ሽሮዋ አንሶ ነበር በላት» አሉ። መናኸሪያ ድረስ የሸኘኝ ያ ጸሐፊው ልጅ ነው። ሲሰናበተኝ የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። «መንገድ ላይ እየው» አለ።

ጎማው በጤና ወልቂጤ አደረሰን። ክትፎ፣ አይብ፣ ጎመን፣ ቆጮ፤ 750 ብር። ረቡዕ የተጣላሁትን ቤት ነው የገባሁት። ከቆጮው ጋር እየታገልኩ ወረቀቱን ፈታሁት። በመዋጮ የሚደገስላቸው ባለተራዎች ዝርዝር ነው፣ በማን ላይ ምን እንደወደቀ። ሰኔ 12 የሹፌሩ ነው። ሰውየው ዘመድ የለውም። በዚያ ቀን ማኅበሩ የሚጀመረው ሆን ተብሎ ሲመሽ ነው፤ እሱ እንደሚመጣው። ጤፍ የአንዱ፣ ጌሾ የሌላዋ፣ እንጨት ደግሞ የእኔ። ስሜ ከእንጨቱ ትይዩ ተጽፏል። ይህን የጻፈው ያ «አንድ ቀን እናድርገው» ያለው ልጅ ነው። ከሥሩ ሙሴው በራሳቸው እጅ አንድ መስመር ጨምረዋል፤ «እሱ ቢያረፍድም እንጨቱ እንዳያረፍድ»።

ለሐጂያ ልጅ ደወልኩ። አሁን ደረቅ እንጨት በጋሪ 1,400 ብር ነው አለኝ፤ በሰኔ እጥፍ ይሆናል፣ ያውም እርጥቡ። የአውቶቡሳችን ሹፌር ጥሩምባ እየነፋ ሳለ ለሁለት ጋሪ በቴሌብር ላክሁ። እነሱ ግቢ፣ ከቡናው መጋዘን ጀርባ፣ ዝናብ የማይነካው ቦታ አለ አለኝ።